የወርቅነህ ጉድጓድ

ባለፈው ሰሞን ለልቅሶ ቀራንዮ ሄጄ ነበር። ከታክሲ ስወርድ መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል። የውሃ ይሁን የመብራት አላውቅም፣ ሠራተኞቹ እስከ ወገባቸው ገብተው አፈር ወደ ላይ ይወረውራሉ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስላደረ አፈሩ ቀይና እርጥብ ነው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ከኋላዬ የምትመጣ ልጅ እግር "እንዴ እማማ፣ ይለፉ እንጂ!" ብላ ገፋ አደረገችኝ። እማማ! እኔ እኮ በዚያች ደቂቃ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

የደርግ ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሥር ተሰልፈን መዝሙር እንዘምራለን፤ ግማሻችን ግጥሙን አናውቀውም፣ አፋችንን ብቻ እናንቀሳቅሳለን። ቀራንዮ ያኔ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ ደወል ይደወላል፣ ከአጥሩ ወዲያ ላም ትጮኻለች። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት እየሆንን ነበር የምንቀመጠው። የእኔ ዴስክ ላይ ከግራዬ ነስሩ፣ ከቀኜ ጫልቱ አሉ። እኔ መሀል ሆኜ ከሁለቱም እቀዳለሁ። ከነስሩ ሒሳብ፣ ከጫልቱ የቀረውን።

አሁን ስለ ጉድጓዱ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የውሃ ጉድጓድ ነበር፤ ስሙ የወርቅነህ ጉድጓድ ነው። ወርቅነህ ማለት አያቴ ናቸው፣ የእናቴ አባት። ይህን እንደ ተራ ነገር እንዳታዩብኝ! የቀበሌው ቦኖ በተቋረጠ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ እንስራና ጀሪካን ይዞ የሚመጣው እኛ ደጅ ነው። እኔ ወረፋ ይዤ አላውቅም። ባልዲዬን እያወዛወዝኩ ከፊት እገባለሁ፤ የተቆጣ ካለ "የአያቴ ጉድጓድ ነው!" እለዋለሁ። እናቴ በጆሮዬ ይዛ ወደ ኋላ የመለሰችኝ ጊዜም አለ፣ ግን ልቤ አልተመለሰም። ሰፈሩን የፈጠሩት አያቴ ይመስሉኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ወር፣ በኳስ ነው። ጥላሁን የሚባል ጉልቤ የክፍላችን ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ከነስሩ ጋር ተጣላና "እናንተ መጤዎች! ወደ መጣችሁበት ሂዱ!" አለው። ነስሩ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ልጅ አይደለም፤ ኳሱን ትቶ ጥላሁን ላይ ተሰቀለበት። ቲቸር ዘነበች ስትገባ ሁለቱ መሬት ላይ ናቸው፣ እኛ ደግሞ ዴስክ ላይ ቆመን እናጨበጭባለን።

ቲቸር ዘነበች የታሪክ አስተማሪያችን ናት። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ቀሚሷ ላይ የጠመኔ አሻራ ያለባት ሴት። ሌላው አስተማሪ ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የዚያን ቀን ጨርሶ ለመጥፋት ምንም አልቀረውም።

"መጤ ያልሆነ እጁን ያውጣ" አለች።

የሁላችንም እጅ ወጣ። የጥላሁን ከሁሉም በላይ።

"እሺ። አያቱ እዚሁ ቀራንዮ የተወለደ ብቻ እጁን አያውርድ።"

እጅ ሁሉ አንድ በአንድ ወረደ። የጥላሁን ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ እስከ ጆሮው፣ ከዚያ እስከ ትከሻው፣ ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ገባ። የእኔም ወረደ፤ አያቴ ከጎጃም በእግራቸው እንደመጡ ራሳቸው በየቀኑ ነው የሚነግሩን። ጥቂት ልጆች ቀሩ። ጫልቱ ሁለቱንም እጇን አውጥታ እንደ ጸሎተኛ ቀጥ ብላለች።

"ጎሽ ጫልቱ፣ በቃሽ አውርጂ" አለች ቲቸር ዘነበች። "እንግዲህ እናንተ የተቀበላችሁ ናችሁ፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ የመጣ ነው። የመጣ እንዴት እንደመጣ፣ የተቀበለ እንዴት እንደተቀበለ አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አለ?"

ማንም የለም።

በማግስቱ አንድ ትልቅ ባለ ጠንካራ ልባስ መዝገብ ይዛ መጣች። ዓመቱን ሙሉ የሰፈራችንን ታሪክ ራሳችን እንደምንጽፍና በሰኔ፣ በወላጆች ቀን፣ ሰፈሩ በተሰበሰበበት እንደምናነበው ነገረችን። ሕጉ እንዲህ ነው። አንድ ቤት የነገረንን በእርሳስ እንጽፋለን። ሦስት ቤት፣ ያውም ሦስቱም እቤታቸው ውስጥ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከተስማሙበት ያን ጊዜ በእስክሪብቶ እንደግመዋለን።

"ካልተስማሙስ ቲቸር?" አለ ጥላሁን።

"ሦስቱንም በእርሳስ ትጽፉና ለምን እንዳልተስማሙ ደግሞ ትጠይቃላችሁ።"

"ኧረ ቲቸር፣ ያ ብዙ ሥራ ነው።"

"አዎ፣ ታሪክ ይባላል" አለችው።

ለየዴስኩ አንድ አንድ ነገር ተሰጠ። ለጥላሁን ዴስክ ድልድዩ፣ ለሌላው ወፍጮ ቤቱ። ለእኛ ጉድጓዱ ደረሰን። እኔማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን ሥራ አለው? አያቴን ጠይቄ መጻፍ ነው! ነስሩን በክርኔ ጎሰም አድርጌ "እኛ ነገ እንጨርሳለን" አልኩት።

አባባ ወርቅነህ ያኔ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነበሩ። ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰው በፊት የሚደርስ ሰው። ሦስታችን ፊታቸው ተደርድረን ስንቀመጥ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። "እዚህ ምን ነበረ? ጅብና ባሕር ዛፍ! ውሃ የሚቀዳው ከወንዝ ነው። እኔ ታዲያ ተነሣሁ። እጄን እንዲህ ተፋ ተፋ አደረግኩና ዶማዬን አነሣሁ።" ጉድጓዱ ትናንት አሥራ ሁለት ክንድ ነበር፤ እንግዳ ስላለ ሃያ ገባ።

"ብቻዎን ነው የቆፈሩት አባባ?" አለ ነስሩ።

"ሌላ ማን ነበረ?" አሉና ጉልበታቸውን አከኩ። ከዚያ ድንገት ስለ ጣሊያን ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እኔ "ጉድጓዱን የቆፈሩት አባባ ወርቅነህ ናቸው፣ ብቻቸውን" ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። እርሳሱን በጣም ከመጫኔ የተነሣ ወረቀቱ ተቀደደ።

ሁለተኛው ቤት የነስሩ አያት፣ የእማማ ዘይነባ ቤት ነው። ከስልጤ አገር ከባለቤታቸው ጋር የመጡ፣ ትንሽዬ፣ እጃቸው የማያርፍ ሴት። ገና ከመግባታችን ትኩስ ዳቦ ቀረበ። የነስሩ በቅቤ ርሷል፤ የእኔ ደረቅ ነው። ዓይኔ ሲንከራተት አዩኝና "ዛሬ ረቡዕ ነው ሰብልዬ፣ ያንቺን ለብቻ ነው ያደረግኩት" አሉኝ። እኔ ለካ ረቡዕ መሆኑን ረስቼዋለሁ! የእኔን ጾም እሳቸው ይዘውልኛል። አሳፈረኝ እንዳልላችሁ፣ የነስሩን ቅቤ እያየሁ ነበር።

ሲመጡ ቤታቸው በር እንዳልነበረው ነገሩን። "ጅቡ እንዳይገባ ያችን የመሰለች አያትሽ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ቁርበት አምጥታ ሰቀለችልን። ስሟን እንኳ ገና አላውቅም ነበር።" ይህን ነስሩ እየሮጠ ጻፈ። ከዚያ ጉድጓዱን ጠየቅናቸው።

"ጉድጓዱን? ዳና ነዋ የቆፈረው! አያትሽ ወርቅነህ ላይ ሆኖ ገመድ ይዞ፣ አፈር እያወጣ። ያ ረቢ! አፈር የተናደ ቀን ትዝ ሲለኝ!" ብለው ደረታቸውን ያዙ።

"የቱ ዳና?" አልኩ ዳቦዬን አስቀምጬ።

"ስንት ዳና አለ? ጥሩምባው!"

ኧረ በማርያም! ጥሩምባው! እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ። ጋሽ ዳና የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞሩ ጥሩምባውን ይነፉና "እድርተኛ! እገሌ አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔዓለም!" ይላሉ። እኔ ታዲያ ነገሩን የተረዳሁት ገልብጬ ነበር። ሰው ስለሞተ ስሙን የሚጠሩት አልመሰለኝም፤ ስሙን ስለጠሩት የሚሞት ነው የመሰለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለካ ፍርሃት የሚያድገው ሲደብቁት ነው። መንገድ ላይ ሳያቸው ትንፋሼን ይዤ አልፋለሁ። ስሜን እንዳይሰሙ ብዬ እናቴ "ሰብለ!" ብላ ስትጣራ መልስ አልሰጥም፤ በዚህ ብቻ ስንት ኩርኩም ቀምሻለሁ።

ሦስተኛው ቤት የጫልቱ አያት፣ የአባባ ቱፋ ነው። በሬና ላም ያላቸው፣ ከከተማው መሀል ገበሬ ሆነው የቀሩ ሽማግሌ። አማርኛ ጥሩ አድርገው ይናገራሉ፣ ግን ሞቅ ሲላቸው ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ አስተርጓሚያችን ጫልቱ ናት። ሽማግሌው እጃቸውን እያወናጨፉ፣ እየሳቁ፣ እየተቆጡ፣ በዱላቸው መሬት እየመቱ ያወራሉ።

"ምን አሉ?" እላታለሁ።

"ዳና ነው የቆፈረው አለ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

"ሌላው ስለ በሬው ነው።"

ኋላ አባባ ቱፋ ራሳቸው በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ። "የቀረውን ወርቅነህ ይንገርሽ። የራሱ ነው፣ እኔ አልነጥቀውም። እሱ እንደሆን እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ኩራተኛ ሆኗል አያትሽ።" እውነታቸውን ነበር፤ አባባ እሳቸውን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። እኔ ጭቃ የሚሸሹ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ቤት በአንድ ቃል ተስማምቶ፣ የእኔ ቤት ለብቻው ቀረ። ምን ላድርግ? በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀረሁና የነስሩን እስክሪብቶ ከቦርሳው አውጥቼ፣ በትልልቅ ፊደል፣ "ጉድጓዱን የቆፈሩት አባባ ወርቅነህ ናቸው" ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል ነስሩ በሩ ላይ ቆሟል።

"ውሸት ነው" አለኝ። ጮኾ አይደለም፣ አዝኖ ነው። "ሦስት ቤት አልተስማማም።"

"አንተ መጤ!" አልኩት። "ስለ ሰፈራችን ምን ታውቃለህ?"

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። የአያቱ ዳቦ ገና ሆዴ ውስጥ ነው እኮ! ነስሩ አልመታኝም። ቢመታኝ በወደድኩ። ዝም ብሎ ደብተሩን ሰብስቦ ጥላሁን ዴስክ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ያው በኳስ የተደባደበው ጥላሁን ዘንድ! ጫልቱም ደወል ተደውሎ ስትገባ፣ ሰምታ ነው፣ ከእኔ ፈቀቅ ብላ የዴስኩ ጫፍ ላይ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ዴስኩ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ቲቸር ዘነበች መዝገቡን አነበበች። ትመታኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"እጅሽን ሰብስቢ" አለች ያንን የሚጠፋ ድምፅዋን አውጥታ። "ሦስት ቤት ጠይቃችኋል። አራተኛውን ለምን አልጠየቃችሁም?"

"የቱን ቲቸር?"

"ጉድጓዱ ውስጥ የገባውን ሰውዬ ነዋ!"

ነስሩ ይቅርታዬን በቀላሉ አልተቀበለም። ባንዲራ የሚሰቀልበት ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ "አያቴ መጤ ነው! እኔም የመጤ ልጅ ነኝ!" ብዬ ሦስት ጊዜ እንድጮኽ ፈረደብኝ። ጮኽኩ። በሦስተኛው ራሴ ሳቅ አመለጠኝ፣ እሱም ሳቀ፣ ታረቅን። ጫልቱ ግን "አራተኛ ጨምሪ፣ እኔ አልሰማሁም" ብላ አስደገመችኝ።

ጋሽ ዳና ቤት የሄድን ቀን እግሬ ሄደ እንጂ እኔ አልሄድኩም። ጥሩምባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰውዬው በዱካ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተሰነጠቀ የዶማ እጀታ ይጠርባሉ። ቀና ብለው በፈገግታ እያዩኝ "ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?" አሉኝ።

አለቀልኝ! ምላሴ ሳላዘው ሠራ። "ጫልቱ" አልኩ።

"ኧረ ውሸታም!" ጫልቱ ከኋላዬ ፈነዳች። "ጫልቱ እኔ ነኝ! እሷ ሰብለ ናት! የአባባ ወርቅነህ ልጅ ልጅ! ሰብለ!" ለመቃብር ቆፋሪ አድራሻ እንደመስጠት ነው። ተናደድኩባት ማለት አልችልም፤ ቀድሜ የሸጥኳት እኔ ነኝ።

ጋሽ ዳና ግን "የጋሽ ወርቅነህ ልጅ!" ብለው ተነሥተው ሁለት እጄን ያዙ። ከወላይታ በጎረምሳነታቸው እንደመጡ፣ ያኔ አማርኛ የሚችሉት "እሺ" ብቻ እንደነበር ነገሩን። "ቁፋሮ ቋንቋ አይፈልግም" አሉ እየሳቁ። ከታች ሆኖ ሲያዩት ሰማይ የሰፌድ ያህል እንደሚሆን፣ የላይኛው አፈር ሥር ሥር እንደሚሸት፣ ወረድ ሲሉ ሽታው እንደሚጠፋ፣ ከዚያ ውሃ ሊደርስ ሲል አፈሩ እንደገና መሽተት እንደሚጀምር አጫወቱን። ደጃቸው ላይ ጎድጎድ ካለ ቦታ አንድ እፍኝ እርጥብ አፈር አንሥተው አፍንጫችን ሥር ያዙልን። ነስሩ አስነጠሰው። እኔ ግን ፍርሃቴን ትቼ ደጋግሜ አሸተትኩ።

"ስሙ የወርቅነህ ጉድጓድ መባሉ አያናድዎትም?" አለ ነስሩ። ይሄ ልጅ እኮ አያፍርም!

"ለምን ያናድደኛል? መሬቱ የእሳቸው ደጅ ነው። እኔም ቀድቼ ጠጥቻለሁ።"

"አፈሩ ሲናድስ?"

"እስከዚህ ወረደብኝ" አሉና በእጃቸው ደረታቸውን ለኩ። "ከዚያ ወጣሁ።"

"ማን አወጣዎት?"

"እሱን ጋሽ ወርቅነህን ጠይቁ፣ እኔ ከታች ነበርኩ።"

እኔ ከዚያ ወጥቼ ሞቴን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ሦስት ቀን! ስሜ ተነግሯል፣ ሌላ ምን ቀረ? ለታናሽ ወንድሜ ብይዎቼን አወረስኩት። እናቴን ያላንዳች ጭቅጭቅ ታዘዝኳት፤ እሷ ደግሞ ታምሜ መስሏት ግንባሬን ትዳስሳለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ነቅቼ ሳየው እግሬም እጄም አለ። ብይዎቼን ላስመልስ ስሄድ ወንድሜ እምቢ አለኝ፣ ተደባደብን።

አባባ ጋሽ ዳና ቤት መሄዴን የሰሙት በእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ። የያዙትን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡት። 

"ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ" አሉ በመጨረሻ። "አፈሩ ሲናድ ድምፅ ነበረው። እሱ ከታች 'ጋሽ ወርቅነህ!' ብሎ ጠራኝ። እኔ ገመዱን ለቅቄ ሮጥኩ።"

"የት?"

"የት ይባላል ልጄ፣ ሮጥኩ ነዋ! ሞተ ብዬ። ያወጣው ኦቦ ቱፋ ነው፣ በበሬ መጫኛ። ዳና ይኸው በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሸት ለእኔ ያመጣል። ገመዱን እንዳልረሳው ነው የሚያመጣው፣ ሌላ ለምን ያመጣል?" ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኔም ተያይዤ አለቀስኩ። "ታዲያ ይህን ሰው ሁሉ ፊት ልታነቢው ነው?" አሉኝ።

 ማንበብ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ መዝገቡ ላይ ስሜ ሰፍሯል። ባነበው የእድሩ ዳኛ፣ የእኔ አባባ፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ የሮጠ ሰው ይባላሉ። ባላነበው ነስሩን ሁለተኛ ቀና ብዬ ላየው አልችልም። ቲቸር ዘነበችን ለምኜ ነበር፣ ሌላ ሰው ያንብበው ብዬ። "የአያትሽ ነገር ነው፣ አያትሽ ይወስኑ። አንቺ ብቻ ውሸት እንዳትጨምሪበት" አለችኝ። አባባ ደግሞ ከዚያ እሑድ ጀምሮ "በዚያ ቀን አልመጣም" የሚል ቃል ብቻ ነው ከአፋቸው የሚወጣው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሜዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። ከፊት ባለ መከዳ ወንበር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪ ለብሰው ተቀምጠዋል። እማማ ዘይነባ፣ አባባ ቱፋ፣ ሁሉም አሉ። ጋሽ ዳና ከኋላ ሣር ላይ ናቸው፤ ወንበር ላይ ተቀመጡ ያላቸው የለም። የጥላሁን ዴስክ ድልድዩን አነበበ፤ ድልድዩን ያሠሩት አራት ሰዎች ናቸው፣ አራቱም ብቻቸውን። ሰው እየሳቀ ተንከባለለ። ሊቀመንበሩ ግን ግንባራቸውን ቋጥረው "ጓድ መምህርት፣ አብዮቱ የታል እዚህ ታሪክ ውስጥ?" አሉ።

"እየመጣ ነው ጓድ" አለች ቲቸር ዘነበች። "ገና ጉድጓድ እየቆፈርን ነው።"

ተራዬ ሆኖ ስወጣ አባባ የሉም። ማንበብ ጀመርኩ። የእማማ ዘይነባን በር አልባ ቤት፣ የአባባ ቱፋን በሬዎች፣ ከዚያ "ጉድጓዱን የቆፈሩት ጋሽ ዳና ናቸው፤ አባባ ወርቅነህ ገመድ ይዘው" አልኩ። ሜዳው አጉረመረመ። "አፈሩ በተናደ ጊዜ..." ካልኩ በኋላ ድምፄ ጠፋ። ፊደሎቹ ይታዩኛል፣ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። የዚያኔ ነው ከበሩ በኩል ያ ከሰው በፊት የሚደርስ ድምፅ የመጣው።

"ተቀመጪ ልጄ። ይሄ የእኔ ነው።"

አባባ የክት ኮታቸውን ለብሰው በሰው መሀል ሰንጥቀው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እናንተ ስሜን ሰጥታችሁት ውሃ የምትቀዱበት ጉድጓድ፣ የእኔ አይደለም። ዳና ከታች ሆኖ ስሜን ሲጠራ ገመዱን ለቅቄ ሮጫለሁ። ይኸው ነው። ጻፉት" አሉ።

  ከዚያ አባባ ቱፋ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ምን ይላል ይሄ ሰውዬ? እኔ ያኔ የት ነበርኩ? ወንዝ ማዶ! በሬ ጠምጄ! ታዲያ ማን ነው የጠራኝ? ባዶ እግሩን፣ ወንዙን በልብሱ አቋርጦ፣ 'ሰው ሞተብኝ ኦቦ ቱፋ!' እያለ እንደ ልጅ እያለቀሰ የመጣው ማን ነው?"

"የእኔም ደጅ ላይ ወድቀሃል!" እማማ ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ጮኹ። "አካፋ ስጪኝ ብለህ!"

"እኔ? አካፋ?" አሉ አባባ።

"አዎ አንተ! አልመለስክልኝም እስከ ዛሬ!"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባባ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። "እኔ የማስታውሰው ገመዱን ብቻ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"ተመልሰዋል ጋሽ ወርቅነህ" የሚል ድምፅ ከኋላ፣ ከሣሩ ላይ መጣ። ጋሽ ዳና ቆመዋል። "እኔ ማየት አልችልም ነበር፣ ግን እሰማለሁ። ኦቦ ቱፋ መጫኛውን ሲያወርድ እርስዎ ከላይ 'አይዞህ ዳና፣ አይዞህ ዳና' ይሉ ነበር። እስክወጣ አላቋረጡም። ያኔ አማርኛ አልችልም፤ አይዞህ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ውስጥ ነው።"

አባባ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያሻሹታል። "ታዲያ ምነው" አሉ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ስቃጠል፣ ምነው አልነገራችሁኝም?"

"አንተ መቼ ጠየቅከን?" አሉ አባባ ቱፋ።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ። ቲቸር ዘነበች "ፕሮግራሙ ይቆየን" አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ። አባባ ያን ሁሉ ወንበር እያለፉ ወደ ኋላ ሄዱ፣ የክት ኮታቸውን እንደለበሱ ሣሩ ላይ ከጋሽ ዳና አጠገብ ተቀመጡና፣ "በል ወንድሜ ዳና፣ ዛሬ ጠየቅኩህ፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ" አሏቸው።